የዲኤክስ ሰፊ ፋይበር ፓራፋንጎ፦ የኋላው ላሜራ እስከየት ይቆረጥ? በቡሎን ይታሰር ወይስ በስቱኮ ይለጠፍ?

ዲኤክስ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ዲኤክስ አለኝ፣ የቶዮታ ኮሮላው፣ ኬኢ 70 የሚባለው ባለ አራት በር፣ ሞተሩ ያው 4ኬ ነው አልነካሁትም፣ ቦዲው ደሞ ለዕድሜው በጣም ንፁህ ነው ዝገት የለበትም ማለት ይቻላል። አሁን ሰፊ ፓራፋንጎ ላስገጥምለት ነው። የውሃ ታንከርና የሻወር ገንዳ በፋይበር ግላስ የሚሰራ ጓደኛ አለኝ እሱ ሞዴል አውጥቶ አራቱንም ሰራልኝ፣ በየጎኑ 60 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቅርፁ በጣም ያምራል። ግን መግጠም ላይ ተቸገርን። የፊቶቹ ደህና ተቀምጠዋል፣ የኋላ ግራው ግን ከላይ ልክ ሲሆን በበሩ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፣ እዛ ጋ ስጫነው ደሞ በመብራቱ በኩል ይነሳል። አንዱ ሰራተኛ በስቱኮ እንሙላው ከዛ አለስልሰን እንቀባዋለን ከቦዲው ጋር አንድ ይሆናል አለኝ፣ ሌላው የለም በቡሎን እሰረው አለኝ። ደሞ የኋላው የድሮ ላሜራ መቆረጥ አለበት ይላሉ፣ እስከየት እንደሚቆረጥ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚነግረኝ፣ ቦዲው ይደክማል የሚልም አለ። ቸርኬ ገና አልገዛሁም፣ 15 በ 8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው መሀል ያለው ርቀት በሚሊ) 0 የሆነ አይቻለሁ። የሰራችሁ ወይ የምታውቁ በእናታችሁ አስረዱኝ፣ ከመቆረጡ በፊት መጠየቅ ይሻላል ብዬ ነው። ቦሎ ላይ ችግር ያመጣል ወይ የሚለውንም ብትነግሩኝ።

ባትላሜራ ቂርቆስ፦
ልጄ መጀመሪያ ግራይንደሩን አስቀምጠው። ፓራፋንጎ የመጨረሻ ሥራ ነው። ሰው ፋይበሩ ሲያምር አይቶ እሱን ተሸክሞ ጋራዥ ይመጣል፣ ቸርኬ የለ፣ ሞላው አልተወሰነ፣ መኪናው ምን ያህል እንደሚወርድ አይታወቅ፣ ታዲያ መስመሩ በምን ይሰመራል? ቸርኬና ጎማው ታስሮ፣ መኪናው በሚሄድበት ከፍታ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ነው መስመር የሚሰመረው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የኋላው ላሜራ አንድ እንዳይመስልህ፣ ሁለት ነው። ከውጭ የምታየው አለ፣ ከውስጥ ደሞ ጎማውን እንደ ጉልላት የሚሸፍነው አለ፣ ሁለቱ ጠርዝ ላይ ተገናኝተው በነጥብ ብየዳ ተይዘዋል። የመኪናው የኋላ ጎን ጥንካሬ ብዙው እዛ ስፌት ላይ ነው። ቦዲው ይደክማል ያለህ ሰው ሁለቱን ባንዴ ቆርጠው ክፍቱን በፋይበር የሸፈኑትን አይቶ ነው፣ እውነቱን ነው። እንደዛ ከሆነ ጭቃና ውሃ በቀጥታ ጎኑ ውስጥ ይገባል፣ አቧራና የጭስ ማውጫ ጭስ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ከላይ በፋይበሩ ስለተሸፈነ ደሞ ዝገቱን የምታየው ከሥር በልቶ ሲጨርስ ነው። መዝጋት ግን ይቻላል፣ ከተዘጋ አይደክምም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋይበሩን በቦታው አስይዘህ ዙሪያውን በእርሳስ ታሰምራለህ። ከዛ አንስተኸው ከመስመሩ ወደ ጎማው በኩል ከ 20 እስከ 25 ሚሊ ገብተህ ሌላ መስመር ታወጣለህ፣ የምትቆርጠው ሁለተኛውን ነው፣ በመሀል የቀረው ላሜራ ቡሎኑ የሚያርፍበት ነው። አንዳንዱ ፋይበሩ ጠርዝ ድረስ ይቆርጥና ቡሎኑን የሚያስርበት ያጣል። ስትቆርጥ በቀጭን ዲስክ የውጪውን ላሜራ ብቻ፣ ዲስኩ እንዳይጠልቅ። የውስጡ ከውጪው 3 ወይም 4 ሳንቲም ረዝሞ ይቅር። ከዛ የውስጡን በየ 2 ሳንቲም ተኩሉ ትሰነጥቀዋለህ፣ እያንዳንዱን ምላስ በመዶሻ ወደ ውጪ ታጥፈውና የውጪው ላሜራ ጋ ታደርሰዋለህ፣ ከዛ ይበየዳል። በኤሌክትሮድ እንዳታስበይደው ላሜራው ቀጭን ነው ይበሳል፣ በጋዝም አይሆንም ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ይይዝና ጎኑን ያወላግደዋል፣ በሲኦቱ፣ ሽቦ እየመገበ በሚበይደው ማሽን ነው። እሱም ቢሆን ነጥብ ነጥብ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች አንዴ ከመሀል እየተዘለለ፣ እጅ ሲያስቀምጡበት የሚያቃጥል ከሆነ ይቆይ። ሲያልቅ ስፌቱ በማሸጊያ ይታሸጋል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ከጎማው በኩል ጥቁሩ የሥር ቀለም ይረጫል። ከመበየዱ በፊት ባትሪ ይፈታል፣ የኋላ ወንበርና ምንጣፍ ይወጣል፣ የነዳጅ መሙያው ባለበት ጎን ቱቦው የቱ ጋ እንደሚያልፍ በዓይን ይታያል፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጣል። ይሄን የማያደርግ በያጅ ከሆነ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ስቱኮውን በተመለከተ፣ እኔ አልሰራውም። ፋይበርና ላሜራ ላይ አብሮ የተጎተተ ስቱኮ በኛ መንገድ አይቆይም፣ መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ትወጣለች፣ ውሃ ትገባለች፣ ከዛ ይነሳል።

ናቲ ከቨርጂኒያ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እዚህ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን ነው የጻፉት። እኔ እዚህ ቦዲ ሾፕ ነው የምሰራው፣ ቸርኬው ላይ ልጨምር።

ብሮ 15 በ 8 ኦፍሴት 0 ከማለትህ በፊት ቁጭ ብለህ አስላው፣ ከባድ አይደለም። አሁን የታሰረው ቸርኬ 5 ኢንች ነው እንበል፣ 127 ሚሊ ነው፣ ግማሹ 63 ተኩል። 8 ኢንች ግማሹ ወደ 101 ተኩል ነው። ልዩነቱ 38 ሚሊ። ኦፍሴቱ እኩል ቢሆን ቸርኬው ወደ ውጪም ወደ ውስጥም 38 ይሰፋል ማለት ነው። አሁን የድሮው ኦፍሴት ለምሳሌ 20 ሆኖ አዲሱ 0 ከሆነ ወደ ውጪ 58 ይወጣል፣ ወደ ውስጥ ደሞ 18 ብቻ ይገባል። የራስህን የድሮ ቸርኬ አውጥተህ ለካ፣ የኔን ቁጥር እንዳትወስድ። የቸርኬው ቡሎን 4 በ 114.3 ነው ዲኤክስ ላይ፣ አራት ቡሎን 114.3 ሚሊ ስፋት ባለው ክብ ላይ ማለት ነው፣ ስትገዛ እሱን እይ፣ 4 በ 100 የሆነ ብዙ ስላለ በዓይን ይመሳሰላል።

ጎማውም አለ። የድሮው 155 80 13 ቁመቱ 578 ሚሊ አካባቢ ነው፣ 195 50 15 ደሞ 576፣ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ኪሎሜትሩ አይዋሽም። ግን 195 ጎማ 8 ኢንች ላይ ይወጠራል፣ ጎኑ ተንጋዶ የቸርኬው ከንፈር ይጋለጣል። ፎቶ ላይ ያምራል እዚህ ብዙ ልጆች ይወዱታል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ በደንብ ከገባህ ቸርኬው ነው የሚመታው። እኔ ብሆን 15 በ 7 ነው የምገዛው፣ ኦፍሴቱን ዝቅ አርጌ 60 ሚሊውን እንዲሞላ አደርጋለሁ። ወደ ውጪ በወጣ ቁጥር ደሞ ኩሽኔታው ላይ ጭነት ይጨምራል፣ የፊቱም መሪ ይከብዳል፣ ዲኤክስህ ፓወር መሪ እንደሌለው እንዳትረሳ።

ሌላው፣ የኋላ ሞላውን አውጣና ዴፍሬንሻሉን በክሪክ ቀስ እያልክ ወደ ላይ አንሳው፣ የጎማ ማቆሚያው ላስቲክ እስኪነካ ድረስ። አንዴ ሁለቱንም፣ አንዴ አንዱን ጎን ብቻ፣ ምክንያቱም መኪና ጉድጓድ ሲገባ አንድ እግሩ ነው የሚነሳው። ጎማው የቱ ጋ ሊነካ እንደሆነ ያኔ ነው የምታየው፣ ጋሼ ያሉት የመቁረጫ መስመር ከዚህ በኋላ ነው የሚወሰነው። መኪናው ከወረደ ደሞ ዴፍሬንሻሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ ስለሚዘነብል ሙሉ አክስሉ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ግራና ቀኙን ሳትለካ እኩል አርገህ ከገጠምክ አንዱ ጎማ ወጥቶ አንዱ ገብቶ ታገኘዋለህ፣ ከዛ ጥፋቱን ፋይበሩ ላይ ትጥላለህ። ክብደት ያለው ነገር በክር አንጠልጥለህ ከፓራፋንጎው ጠርዝ እስከ ቸርኬው ለካው።

ቡሎን ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ቡሎን ማየት የሚያሳፍር ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ኮሮላ ሌቪንን፣ ቲኢ 27 የሚባለውን፣ ፋይበር ፓራፋንጎ ከላይ አስሮ ከፋብሪካ ነው የሸጠው። ከኬኢ 70 በፊት የመጣች ኮሮላ ናት። አሁን በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የጃፓኑ ኬይ ሚውራም ሮኬት ባኒ የሚባሉትን የቦዲ ኪቶቹን ቡሎኑ እየታየ ነው የሚሰራቸው። አንዱ ሲሰበር ፈትተህ ሌላ ታስራለህ፣ የተለጠፈ ግን ከተመታ ጎኑን ሙሉ ነው የምትቀባው።

የድሮ መኪና ወዳጅ፦
ይቅርታ አርግልኝ ወንድሜ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ዝገት የሌለው ዲኤክስ አሁን ከየት ይገኛል? ስንቱ ታክሲ ሆኖ አለቀ፣ ስንቱ በስቱኮ ቆሞ ነው የሚሄደው። የፊቱ ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ነው፣ ፈትተህ ታስቀምጠዋለህ ነገ መመለስ ትችላለህ። የኋላው ግን አንዴ ከተቆረጠ የሚመለስበት መንገድ የለም፣ ያንን ላሜራ አዲስ ሆኖ የትም አታገኘውም። ለመኪናው ስል ነው የምልህ፣ 60 ሚሊ ሳይሆን ትንሽ ጠበብ ያለ፣ ሳይቆረጥ ጠርዙ ብቻ ታጥፎ የሚገጠም ማሰራት አትችልም? ባለ 6 ኢንች ቸርኬ አስረህ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈህ ቀጭን ፓራፋንጎ ብታደርግ በጣም ነው የሚያምረው፣ ዲኤክስ ራሱ ጠበብ ያለች መኪና ናት።

ፋይበር ሻርጃ፦
የኋላ ግራው ላይ ስላለው ክፍተት ማንም አልመለሰለትም። እኔ እዚህ ሻርጃ ጀልባ ነው የምንሰራው፣ ፋይበር ከሰውነቴ አይጠፋም ማለት ትችላለህ፣ መኪናም አልፎ አልፎ ይመጣል።

ክፍተቱ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ጓደኛህ ሳይደርቅ ከሞዴሉ አውጥቶት ተጣሟል። ፖሊስተር ሬዚን፣ ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቶሎ ከወጣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ይሄ ከሆነ ይመለሳል። የማሞቂያ ጠመንጃ ይዘህ ከውስጥ በኩል ሰፊ ቦታ እያዟዟርክ አሙቀው፣ አንድ ቦታ አታቁም፣ ጄልኮቱ፣ የላይኛው ለስላሳ ሽፋን፣ ይፈነዳል። 60 ወይም 70 ዲግሪ ሲደርስ ለስለስ ይላል፣ በጓንት ስትጫነው ታውቀዋለህ። ያኔ ቦታው ላይ አስቀምጠህ በጊዜያዊ ቡሎን ወይም በክላምፕ ይዘህ እዛው እስኪቀዘቅዝ ትተወዋለህ። አስረህ ብቻ በቡሎን ጉልበት እንዳትስበው። ተወጥሮ የታሰረ ፋይበር ዛሬ ባይሰነጠቅ ፀሐይ ሲመታው ቡሎኑ ጋ ኮከብ ኮከብ የሚመስል ስንጥቅ ያወጣል።

ሁለተኛው ሞዴሉ ራሱ ልክ አይደለም፣ ወይም መኪናው ድሮ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው፣ ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ። በሙቀት ካልተመለሰ ጠርዙን ሠርተህ ነው የምታስተካክለው። ቦዲው ላይ ላስቲክ ወይ ሰፊ ፕላስተር ለጥፈህ ሰም ትቀባበታለህ፣ ፓራፋንጎውን በቦታው ታስራለህ፣ ከውስጥ የጠርዙን ጀርባ በ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጭረህ ክፍተቱን ሬዚን በጠጣ ማት (የፋይበር ግላሱ ጨርቅ) ትሞላዋለህ። ሲደርቅ ታወጣዋለህ፣ ጠርዙ የቦዲውን ቅርፅ ይዞ ይመጣል። ትርፉን ቆርጠህ ታለሰልሰዋለህ። ክፍተት በስቱኮ አይሞላም፣ በማት ነው የሚሞላው፣ ስቱኮ ከላይ ቀጭን ሆኖ ለማለስለስ ብቻ ነው።

ውፍረቱንም እይ። ባለ 450 ግራም ማት አንድ ድርብ 1 ሚሊ ያህል ይሰጣል፣ ስለዚህ ሦስት ድርብ ካለው ጥሩ ነው፣ ቡሎን የሚገባበት መስመር ላይ አንድ ይጨመርለት። ወደ ብርሃን አዙረህ ከጀርባ ብታየው ነጭ ነጠብጣብ ወይ አየር የያዘ ቦታ ካለ ትለየዋለህ፣ እዛ ቦታ ላይ ቡሎን አይገባም፣ መጀመሪያ ተፍቆ ይሞላል። ማድረቂያው ከ 1 እስከ 2 ፐርሰንት ነው፣ ቶሎ ይድረቅ ብሎ መጨመር ያቃጥለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ማድረቂያውንና ኮባልቱን (የሬዚኑን መድረቅ የሚያፈጥነውን) በቀጥታ እንዳትቀላቅሉ፣ ይፈነዳል፣ ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ከሆነ የምትሰሩት ደሞ ከ 15 ዲግሪ በታች ሬዚኑ በደንብ አይደርቅም፣ ቤት ውስጥ በመብራት አሙቁት።

ቀለም ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከሞዴሉ ይዞት የወጣው ሰም በማጠቢያ ይጠረግ፣ ከዛ ይፋቅ፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰሙን ፋይበሩ ውስጥ ነው የምታሸው፣ ቀለሙ በኋላ ዓሣ ዓይን የሚባለውን ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። ከዛ የተወሰኑ ቀናት ፀሐይ ላይ ይቆይ፣ ሽታው እስኪጠፋ። አቧራውን በውሃ እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ማስክና ረጅም እጅጌ፣ ሲያልቅ ገላ በቀዝቃዛ ውሃ ነው መጀመሪያ፣ ሙቅ ውሃ ያሳክካል።

ስቱኮ ላይ ከጋሼ ትንሽ ልለይ። ከቦዲው ጋር አንድ አርጎ መለጠፍ ይቻላል፣ ግን በስቱኮ አይደለም፣ በፖሊስተርም አይደለም፣ ፖሊስተር ላሜራ ላይ በደንብ አይዝም። ላሜራው እስኪነጣ ተፍቆ፣ በኤፖክሲ፣ ማቱ ወደ ላሜራው 10 ሳንቲም ያህል ተሻግሮ ከተሰራ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ማቱ ግን ለኤፖክሲ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ፣ ለፖሊስተር የተሰራው ኤፖክሲ ውስጥ በደንብ አይሟሟም።

ባትላሜራ ቂርቆስ፦
የሻርጃው ልጅ የፋይበሩን ነገር አሳምረህ ነው ያስረዳኸው፣ ማሞቁን እኔም አደርገዋለሁ። መለጠፉን ግን እዚህ ሆነህ እየው። ኤፖክሲውም ቢገኝ መኪናው በየቀኑ በኮብልስቶን ላይ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ላሜራውና ፋይበሩ አንድ ላይ አይተጣጠፉም። ለኤግዚቢሽን የሚቆም መኪና ከሆነ እሺ።

የድሮ መኪና ወዳጅ ላሉት፣ ልክ ነዎት፣ የኋላው አይመለስም። ልጁ ካሰበበት በኋላ ይቁረጥ ነው የምለው። የፊቱን ግን የራሱን የፋብሪካ ፓራፋንጎ አይንካ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ይግዛ፣ ትንሽ የተመታ ቢሆንም ግድ የለም፣ እሱ ላይ ይቁረጥ እሱ ላይ ፋይበሩን ይሰር፣ የራሱን ፓራፋንጎ ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ያስቀምጥ።

ዲኤክስ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎን። ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር አሞቅነው፣ የበሩ በኩል ያለው ክፍተት ከግማሽ በላይ ቀንሷል፣ የቀረውን በማት እንሞላዋለን። ቸርኬውንም ወደ 7 ኢንች ቀይሬያለሁ። የድሮ መኪና ወዳጅ፣ ሐሳብህን በደንብ አስቤበታለሁ፣ መኪናዋን ከአባቴ ነው የወረስኩት፣ ልሸጣት አይደለም አብሬያት ነው የምኖረው፣ ለዛ ነው ሥራው በትክክል እንዲሰራ የፈለግኩት። ሁለት ነገር ቀረኝ፣ አንደኛ የኋላው ፋይበር ጫፉ ወደ በሩ ትንሽ ይገባል፣ በሩ ሲከፈት ይነካዋል። ሁለተኛ የቦሎው ነገር።

ባትላሜራ ቂርቆስ፦
በሩ ላይ የሚገባውን ትቆርጠዋለህ። ፓራፋንጎው ሙሉውን በቦታው ታስሮ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በበሩ መስመር ላይ ይሰመርና ለሁለት ይከፈላል፣ ትንሹ ቁራጭ በሩ ላይ ለብቻው ይታሰራል። በመሀላቸው 5 ሚሊ ይቅር። በሩ ሲከፈት እንዳይፋተግ የቁራጩ ጀርባ ጠርዝ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይፋቃል። በሩን ቀስ ብለህ እየከፈትክ በመሀል ወረቀት አስገብተህ ሞክረው። የበሩ ማጠፊያ ያለቀ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሠራ፣ በሩ ከወደቀ ልኩ በሙሉ ውሸት ነው።

ቡሎኑን ከላይ ከመሀል ጀምረህ ወደ ሁለቱ ጫፍ ነው የምትሄደው፣ በየ 10 እና 12 ሳንቲሙ። ለ 6 ሚሊ ቡሎን ፋይበሩ በ 8 ሚሊ ይበሳ፣ በፀሐይ ሲለጠጥ መጫወቻ ይኑረው። ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ፣ ላሜራው ላይ ባለ ክር ሪቬት። የማይዝግ ቡሎን ግዛ። በፋይበሩና በላሜራው መሀል ዙሪያውን የላስቲክ ጠርዝ ይግባ፣ ከታች ግን አይዘጋ፣ ውሃ የሚወጣበት ይተው። ስታጠብቅ በእጅህ ቁልፍ፣ ላስቲኩ ሲጨመቅ በቃ።

ናቲ ከቨርጂኒያ፦
የተበሳውን ላሜራ ሪቬቱ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ቀዳዳ አንቲረስት በብሩሽ ንካው። እዚህ ጨው ያለበት መንገድ ላይ የሚሄዱ መኪኖች ዝገታቸው የሚጀምረው ከቀዳዳው ነው፣ እናንተ ጋ ጨው ባይኖርም ክረምቱ አለ።

የድሮ መኪና ወዳጅ፦
የአባትህ ከሆነች እሺ፣ በርታ፣ ከልቤ ነው። ቦሎውን በተመለከተ ዋናው ጎማው ከፓራፋንጎው ውጪ እንዳይወጣና መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የትም እንዳይነካ ነው፣ ወጥቶ ጭቃ የሚረጭ ጎማ ካለህ ምርመራ ላይ ማንም ያቆምሃል። የቦዲ ለውጥ ስለሆነ ግን ከመቆረጡ በፊት ሊብሬህን ይዘህ ፋይልህ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቅርንጫፍ ሄደህ ጠይቅ፣ ቀለምም ከቀየርክ አብረህ አስመዝግብ። ኢንሹራንስህንም አሳውቃቸው፣ ካላወቁት አደጋ ሲደርስ ነው ፓራፋንጎው ትዝ የሚላቸው። የፊቱን ደሞ ሁለት ሰው አስቀምጠህ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጨርሰህ አዙረው፣ ብዙ ጊዜ የሚነካው ከበሩ በኩል ያለው የታችኛው ጥግ ነው።

ዲኤክስ ልጅ፦
ገባኝ። ሰኞ መንገድ ትራንስፖርት እሄዳለሁ፣ ከዛ ሶማሌ ተራ። ለኬኢ 70 የሚሆን ያገለገለ የፊት ግራና ቀኝ ፓራፋንጎ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ የመብራቱ ጥግ ያልተበላ ይሁን እንጂ ቀለሙ ምንም ቢሆን እወስዳለሁ።